አንድ ስንዝር ጎማ

ሁለት ወንድማማቾች በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖሩ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ለየብቻ ይበትናቸዋል፤ ቅዳሜ ግን አንድ ፍቅር ይሰበስባቸዋል። ፍቅራቸውም ድራግ ሬስ የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ነበር። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ሩብ ማይል፣ ማለትም 1,320 ጫማ ወይም 402 ሜትር ያህል ይፈተለካሉ። ኩርባ የለው፣ ዙር የለው፤ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። አንድ ሰው አቡነ ዘበሰማያትን ሳያገባድድ ሁሉ ነገር ያልቃል።

ታላቅየው የ1990 ሙስታንግ ነበረችው። ከፋብሪካ ስትወጣ 225 የፈረስ ጉልበት የነበራት፣ እሱም በየእረፍቱ እየነካካ ትንሽ ያበረታት፣ ቀለሟ የለቀቀ መኪና ናት። ታናሽየው ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ 500 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ገዛ። ሞተሯ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል። የገዛት ዕለት ወንድሙን «ከእንግዲህ የምታየው ጀርባዬን ብቻ ነው» አለው። ታላቅየውም ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ መረቀው።

ለእሽቅድምድም የሚሆን ጎማ መግዛት ሲመጣ መንገዳቸው ተለያየ።

ታላቅየው መጀመሪያ ስለ ገዛ መኪናው ጠየቀ። ክብደቷ ስንት ነው? ጉልበቷስ? ወደ ሜዳው የምትሄደው ተጭና ነው ወይስ እየተነዳች? የእሱ መኪና በራሷ ጎማ ሄዳ በራሷ ጎማ የምትመለስ ናት፤ ማታ ዝናብ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ድራግ ራዲያል የሚባለውን መረጠ፤ ለመንገድ የተፈቀደ፣ ጥቂት ጥርስ ያለው፣ ላስቲኩ ግን ከተራ ጎማ ለስለስ ያለ። ስፋቱን ከሞተሩ አቅም ጋር አመጣጠነ፤ ሰፊና ከባድ ጎማ ለደካማ ሞተር ሸክም ነውና። ቁመቱንም አሰበበት፤ ረጅም ጎማ ሲገጠም መኪናዋ በከባድ ማርሽ የተነሳች ያህል ትዘገያለች፤ አጭር ሲሆን ቶሎ ትነሳለች፣ ግን ሞተሯ ቶሎ ይጮኻል።

ታናሽየው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ባለፈው ቅዳሜ ያሸነፈው ሰውዬ ምን ገጥሞ ነበር?»

ሰውየው የገጠመው ስሊክ ነበር። ስሊክ ጥርስ የለውም፤ ፊቱ እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ነው። ቁመቱ 28 ኢንች፣ ስፋቱ 10 ኢንች ተኩል። ታናሽየው ያንኑ ገዛ። ለእሱ ብርቱ ሞተር ምርጫው አልከፋም ነበር፤ ጎማውን እንጂ አያያዙን ግን አልጠየቀም። ስሊክ ለመንገድ ስለማይሆን ከነቸርኬው ኋላ ጭኖ ይወስደዋል፤ ሜዳው ሲደርስ በክሪክ አንስቶ ይቀይራል። ንፋሱን ደግሞ እንደ መንገድ ጎማ 28 ፒኤስአይ ሞላው። «ጠንካራ መኪና ጠንካራ ጎማ ነው የሚገባት» አለ።

በሰፈራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሠላሳ ዓመት ጎሚስታ ሆነው ኖረው፣ አሁን ልጃቸው ዘንድ የተጠጉ። ወንድማማቾቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። አንድ ቅዳሜ «ቤት ተቀምጬ ከምውል» ብለው አብረዋቸው ወጡ፤ ከዋሽንግተን በስተደቡብ ባድስ ክሪክ ወደሚገኘው የእሽቅድምድም ሜዳ።

ጋሼ መነሻው መስመር ጋ ሲደርሱ ጫማቸው አስፋልቱ ላይ ተጣበቀ። እግራቸውን ሲያነሱ ጨቅ የሚል ድምፅ ሰጠ። መኪኖቹ ሲነሱ እንዳይንሸራተቱ አስፋልቱ ላይ ሙጫ ነገር ይረጫል፣ በላዩም ላስቲክ ይፋቃል፤ የስንት መኪና ጎማም ተደራርቦበታል። ጋሼ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጀርባ ነኩት።

«ይሄማ ማስቲሽ ነው» አሉ። «ከመነዳሪ ስንለጥፍ ማስቲሹን ቀብተን ወዲያው አንለጥፍም። እርጥብ ሳለ ይንሸራተታል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሞታል። በጣት ጀርባ ሲነኩት ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ነው ሰዓቱ።»

ተራቸው ደረሰ። ከመነሻው ኋላ ውሃ የተረጨበት ቦታ አለ፤ መኪኖች እዚያ የኋላ ጎማቸውን ቆመው ያሽከረክራሉ። በርንአውት ይሉታል። ጎማው ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከመቆሚያው ይዞት የመጣውን ጠጠርና አቧራም ይጥላል። ታላቅየው ውሃውን ዞሮ አለፈው፤ የእሱ ጎማ ጥርስ ስላለው ውሃውን በጥርሱ መሃል ቋጥሮ መነሻው ላይ ሊያንጠባጥበው ይችላል። ከውሃው ወዲያ በደረቁ ጥቂት አሽከረከረና ተወ፤ ራዲያል ብዙ ማቃጠል አይወድም። ታናሽየው ውሃው ውስጥ ቆሞ ነዳጁን ረገጠው። ጭሱ መኪናዋን ዋጣት። ተመልካቹ ጮኸ። ጩኸቱን ሲሰማ ጨመረበት።

ቢጫዎቹ መብራቶች በሩ፤ አረንጓዴው ተከተለ። ታላቅየው ያለ ብዙ ድምፅ ተስፈንጥሮ ወጣ። የታናሽየው ጎማ በቆመበት ተሽከረከረ፤ ሞተሩ አገሩን አናወጠው፣ መኪናዋ ግን እንደ ሰነፍ አጋሰስ ተንፏቀቀች። እየያዘ እየለቀቀ ሄዶ ወደ መጨረሻው ግድም እንደ ጥይት ተወነጨፈ፤ ግን መሽቶበታል።

ከውድድር በኋላ ለእያንዳንዱ ነጂ ብጣሽ ወረቀት ይሰጠዋል። ለመብራቱ በስንት ሰከንድ እንደ መለሰ፣ የመጀመሪያውን 60 ጫማ በስንት እንደ ጨረሰ፣ መጨረሻው ላይ ምን ያህል ፍጥነት እንደ ነበረው ተጽፎበታል። ታላቅየው 60ውን ጫማ በ1.85፣ ሙሉውን በ13.31 ሰከንድ ጨርሷል፤ የመጨረሻ ፍጥነቱ በሰዓት 103 ማይል ነው። ታናሽየው 60ውን በ2.63፣ ሙሉውን በ13.42 ነው የጨረሰው፤ ፍጥነቱ ግን 115።

ጋሼ ወረቀቱን አስነብበው ሰሙና «በፍጥነት አንተ ትበልጣለህ፤ ታዲያ እንዴት ተቀደምክ?» አሉት።

ታናሽየው ዝም አለ። ታላቅየው መለሰ፦ «መጨረሻ ላይ ያለው ፍጥነት የሞተሩን ጉልበት ይናገራል፣ ጋሼ። ሰከንዱ ደግሞ ከዚያ ጉልበት ምን ያህሉ መሬት እንደ ደረሰ ይናገራል። መጀመሪያ 60 ጫማው ላይ የጠፋች ትንሽ ጊዜ መጨረሻው ጋ ስትደርስ ወልዳ ነው የምትጠብቅህ።»

ውድድሩ ለአፍታ ሲቆም ጋሼ ፈቃድ አስጠይቀው ታናሽየው ወደ ተነሳበት ቦታ ሄዱ። ተንበረከኩ። አስፋልቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች ተሥለዋል፤ መሃላቸው ድቅድቅ ጥቁር ነው፤ ዳርና ዳሩ ምንም አልነካም። ጋሼ አራት ጣታቸውን ገጥመው መስመሩ ላይ አሳረፉ። ልክክ አለ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመልሰው በአውራ ጣታቸውና በትንሿ ጣታቸው የጎማውን ፊት ለኩ። አንድ ስንዝር ሞልቶ ተረፈ።

«ልጄ» አሉት፣ «አንድ ስንዝር ገዝተህ መሬቱን ያስነካኸው አራት ጣት ነው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ንፋስ የበዛበት ጎማ እንደ ሆድ ይነፋል፤ በመሃሉ ብቻ ይቆማል። እኛ አገር በሚኒባስ ጎማ ላይ ይሄን ለማየት ወራት ይፈጅብናል፤ መሃሉን በልቶት ይመጣል። ያንተን መሬቱ በአንድ ጊዜ ጻፈልህ። አስተንፍሰው።»

ታናሽየው አልተዋጠለትም። «የላላ ጎማ ይሄን ጉልበት እንዴት ይችላል?» አለ። ያኔ ታላቅየው «ቶፕ ፊውል የሚባሉትን አይተሃል አይደል?» አለው። «ከ11,000 የፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው። ከጉልበታቸውና ከፍጥነታቸው የተነሳ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ ሩብ ማይሉ ተቀንሶ 1,000 ጫማ ብቻ ነው የሚሮጡት። የኋላ ጎማቸው ቁመቱ 36፣ ስፋቱ 17 ኢንች ተኩል ነው። ንፋሱ ስንት መሰለህ? ሰባት ፒኤስአይ ግድም። የቤት መኪና እንኳ 30 ግድም ይዛ ነው የምትሄደው። ከሁሉ የበረታው ከሁሉ የለሰለሰውን ነው የሚጫማው።»

ጋሼ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። ሠላሳ ዓመት የተቀደደ ጎማ ሲያመለክቱበት የኖሩት ልማድ እዚህም አልተዋቸውም። ከቸርኬው ተነስተው ጎማው ግድግዳ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር አሠመሩ። «ይሄ ይመሰክርልናል» አሉ።

ታናሽየው ንፋሱን ወደ 16 አወረደው። 60ው ጫማ ከ2.63 ወደ 1.97 ወረደ። ወደ 14 አወረደው፤ 1.84 ሆነ። መሬት ላይ ያለው ጥቁር መስመርም ከአራት ጣት ወደ ስድስት ሰፋ። ታላቅየው እያንዳንዱን ቁጥር በደብተር ያሰፍራል፤ ንፋሱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የበርንአውቱን ርዝመት።

ታናሽየው በደስታ ሰከረ። «ማስተንፈስ እንዲህ ከጠቀመ ምን አስጠበቀኝ!» ብሎ ማንንም ሳያማክር 6 ላይ አደረሰው።

ተነሳ። ሩጫው እስኪጋመስ ደህና ነበር። ከዚያ ግን የመኪናዋ ኋላ መዋለል ጀመረ፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እንደ ሰከረ ሰው። ታላቅየው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ደግነቱ ታናሽየው እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ መኪናዋ ቀስ በቀስ ረጋች።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ጋሼ አልተቆጡትም። የጠመኔውን መስመር አሳዩት። ቸርኬው ላይ ያለው ነጭ መስመርና ጎማው ላይ ያለው ነጭ መስመር ተለያይተዋል፤ በመሃላቸው ሁለት ጣት ይገባል።

«ቸርኬው ሄዷል፤ ጎማው ቀርቷል» አሉት። «ንፋስ ሲያንሰው ጎማው የገዛ ቸርኬውን መያዝ ያቅተዋል። መሬት ላይ ያለውንም ሄደህ እይ።»

ሄደው አዩ። አሁን ዳርና ዳሩ ጠቁሯል፤ መሃሉ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ጎማው እንደ ጎበጠ ድልድይ መሃሉን ከመሬት አንስቶ በሁለት ጠርዙ ብቻ ቆሞ ነበር።

«ታዲያ ስንት ላድርገው፣ ጋሼ?»

«ቁጥሩን እኔ አላውቀውም። ያንተን መኪና ቁጥር ያ ያሸነፈው ሰውዬም አያውቀውም። በግማሽ በግማሽ እየሄድክ መሬቱን ጠይቀው።»

ጎማውን ቸርኬው ላይ አስተካክለው ከ12 ጀመሩ። እያንዳንዱን ንፋስ የሚለኩት በዚያው በአንድ መለኪያ ነው፤ መለኪያ ከመለኪያ ይለያያልና። ከቀትር በኋላ ታላቅየው አንድ ነገር አስተዋለ፦ ፀሐይ የመታው የግራ ጎማ ግማሽ ፒኤስአይ ጨምሮ ጥላ ውስጥ ከዋለው ከቀኙ ጋር ተለያይቷል። አስተካከሉት። በርንአውቱንም ጋሼ እንደ ማስቲሹ ለኩት፤ የመጀመሪያው ነጭ ጭስ ብቅ ሲል እጃቸውን ያነሳሉ፤ ታናሽየው ይተዋል። ተመልካቹ አልጮኸም። በ12 ደህና ሆነ። በ11 ተኩል ተሻለ። በ11 ጊዜው መልሶ ከፋ። ወደ 11 ተኩል ተመለሱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንድማማቾቹ እንደ ገና ጎን ለጎን ቆሙ። ጋሼ ከኋላ ሆነው የታናሽየውን ጎማ ብቻ ያዩ ነበር። አረንጓዴው ሲበራ ቸርኬው ቀድሞ ዞረ፤ የጎማው ግድግዳ እንደ ተጨመደደ ጋቢ ተኮማተረ፤ የጎማው ፊት ግን መሬቱን ነክሶ ቆየ። በዓይን ቅጽበት ጭምድዱ ተፈታና መኪናዋን ወደ ፊት ወረወራት። ጭስ የለም፤ ድምፁም እንደ ጠዋቱ አላስደነገጠም። ፍጥነቷ ሲጨምር ጎማው በሽክርክሪቱ ብዛት ቁመት ጨምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወረቀቱ 60ውን ጫማ 1.68፣ ሙሉውን 11.87 አለ። ታላቅየው 13.22 ነበር፤ ለእሱም ከጠዋቱ የተሻለ ነው።

መሬት ላይ የቀረው ጥቁር መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር። ጋሼ ለኩት። አንድ ስንዝር ሞልቶ ተረፈ።

ማታ ታናሽየው ስሊኮቹን ፈትቶ የመንገድ ጎማውን ሲመልስ ወንድሙን «አንተም ስሊክ ግዛ፤ ትደርስብኛለህ» አለው። ታላቅየው ሳቀ። «ስሊክ ብዙ ጉልበት ላለው ነው፤ ትንሽ ቢያሽከረክር እንኳ ይቅር ይልሃል፣ መልሶ ይይዛል። የእኔ ራዲያል አንዴ ከለቀቀ ቶሎ አይመለስም፤ ቢሆንም ለዚች መኪና ልኳ ነው። እኔ የሮጥኩበትን ጎማ ሳልፈታ ነው ቤቴ የምገባው።» ዝናቡም መንገድ ላይ ያዛቸው። ጋሼ ከኋላ ወንበር «ስሊኮቹን ፀሐይ አታሳያቸው፤ ጨለማ ውስጥ ሸፍነህ አስቀምጣቸው፤ ላስቲክ ሲደርቅ መንከሱን ይረሳል» እያሉ ገቡ።

ምሳሌው ይህ ነው። ፍቺውም ሩቅ አይደለም።

ሞተሩ የተሰጠን ነው፤ ጉልበታችን፣ ትምህርታችን፣ ጉጉታችን። አስፋልቱ የቆምንበት አገርና ሥራ ነው። ጎማው ከሰውና ከሥራ ጋር የምንነካካበት ገጻችን ነው። ንፋሱ ደግሞ ለራሳችን የሰጠነው ግምት ነው። አማርኛችን ኩሩን ሰው «ተነፋ» ሲለው ይህን ጎማ ያየ ይመስለኛል። የተነፋ ሰው ጉልበት አያጣም፤ ብዙ ጊዜ ከሌላው ይበልጣል። የሚጎድለው የሚነካው ስፋት ነው። በስደት አገር ስንቱን ብርቱ ሰው አይተናል፤ ሁለት ዲግሪ ይዞ መጥቶ «እኔ እኮ አገሬ ላይ ማን ነበርኩ» በምትል አራት ጣት ላይ ቆሞ የሚሽከረከር። ጭሱ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል፤ መኪናዋ ግን ከመነሻው አልራቀችም። ዝቅ ብሎ ቢጠይቅ፣ ከታናሹም ቢማር፣ ያው ጉልበቱ መሬት ይደርስለት ነበር።

የስድስቱንም ፒኤስአይ አንርሳ። ዝቅ ማለት ጥሩ ነው ሲባል ስሙን፣ ሙያውን፣ ቋንቋውን፣ ክብሩን ሁሉ አስተንፍሶ የተወም አለ። ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ፍጥነት ሲመጣ ግን ይዋልላል፤ ቸርኬው ይሄዳል፣ እሱ ይቀራል። ትሕትና ባዶነት አይደለም። መጠን አለው፤ መጠኑም ከሰው ሰው ይለያያል፣ ከጠዋት ከሰዓትም ይለያያል። ስለዚህ የአሸናፊውን ቁጥር መቅዳት አያዋጣም። በግማሽ በግማሽ እየሞከሩ፣ እየጻፉ፣ የራስን ቁጥር መፈለግ ነው።

ቁጥሩን የሚነግረን ተመልካቹ አይደለም፤ እሱ የሚጮኸው ለጭስ ነው። ጋሼ በዚያች ቅዳሜ ያደረጉት ተንበርክኮ መዳፍን መሬት ላይ ማሳረፍ ነበር። የሮጠ ሰው ሁሉ ሲመለስ የተነሳበትን ቦታ ጎንበስ ብሎ ይየው። አንድ ስንዝር ተሰጥቶት ስንት ጣት እንዳስነካ መሬቱ ጽፎለታል።